ከአንድ እርሾ

ሽማግሌው የተገኙት በኮምፒውተር ማሽኖቹ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ወድቀው፣ ጥፍራቸው ብረቱን ሲቧጥጥ ደምቶ ነው። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ያለ እሳት ተለቆ አየሩን ጨርሶታል። ጋዝ ሲለቀቅ ወዲያው መከፈት የነበረበት በር ግን ተቆልፎባቸዋል።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል። የሟቹ ልጅ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ እንባ እንኳ አልወጣትም።

«የበሩንና የጋዙን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ፖሊሶቹ ይህንኑ አምነው ካቴናቸውን አዘጋጅተዋል። መርማሪዋ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን የምታምን ሴት ናት።

«ስህተት ተገኘበት?»

«መስመር በመስመር አነበብነው፤ እንከን የለውም» አለ የሟቹ ተማሪ። «ጋሼም ራሳቸው አይተውት ነበር።»

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የፈጁት ኮምፒውተርን የሚመራ የራሳቸውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲሠሩ ነው፤ የሕንፃው በር ሁሉ የሚታዘዘው ለእሱ ነው። በቅርቡ ታናሽ ወንድማቸው አንድ ፈጣን ኮምፓይለር ከሌላ ማሽን አምጥቶ በዚህ ሲስተም ላይ እንዲሠራ አድርጎላቸዋል።

«ኮምፓይለር ምን ያደርጋል? እስቲ ያስረዱኝ» አለችው መርማሪዋ ወንድምየውን።

«ሰው የጻፈውን ማሽኑ ወደሚገባው ትእዛዝ ይለውጣል፣ እህቴ። የኔው የራሱንም ጽሑፍ ለውጦ ራሱን ሁለት ጊዜ ሠርቶ ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት ወጡ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ?» ድምፁ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

በማግስቱ ሦስቱንም በሩ ፊት ሰበሰበቻቸው። የሟቹን የመግቢያ ካርድ ይዛለች።

«የልጅቷን ፕሮግራም እንደ አዲስ አስጭኜዋለሁ። በዚህ ካርድ ማን ይገባል?»

ልጅቷ እጇን ዘረጋች።

«ተይ፣ እኔ ልግባ» አለ ተማሪው በሩን በፍርሃት እያየ።

አጎትየው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «በየትኛው ኮምፓይለር ነው የተሠራው?»

«አየህ» አለች መርማሪዋ አንቱታውን ትታ። «እነሱ የፈሩት የተጻፈውን ነው። አንተ ግን የፈራኸው የሚለውጠውን ነው። ጽሑፉ ንጹሕ፣ ሥራው ገዳይ ከሆነ፣ መርዙ የገባው ሲለወጥ ነው ማለት ነው። የኛ ባለሙያ ያንኑ ጽሑፍ በሟቹ አሮጌ ኮምፓይለር ሠራው፤ ምንም የለበትም። በአንተው ሲሠራው ግን ማንም ያልጻፈው ትእዛዝ ተገኘበት፤ በዚህ ካርድ ሰው ከገባ በኋላ በሩን ቆልፍ፣ ጋዙን ልቀቅ ይላል። ጥፋቱንም ለወንድምህ ልጅ ተውክላት።»

«ሁለቱ ቅጂዎች እኮ አንድ ናቸው!»

«ከአንድ እርሾ የቦካ ሊጥ ቢመሳሰል ምን ይገርማል? እርሾው ውስጥ ያለው ሁለቱም ውስጥ አለ።»

አጎትየው ግድግዳውን ተደገፈ። «ዕድሜ ልኬን 'የእሱ ወንድም' ስባል ኖርኩ» አለ በመጨረሻ። «ወንድም ጋሼ ሲስተሙን ለእኔ ሳይሆን ለሷ ሊያወርሰው ነበር።»

ካቴናው እሱ እጅ ላይ ገባ።

ልጅቷ ካርዱን ከመርማሪዋ ተቀበለች። «ታዲያ እኔ እንደጻፍኩት ቢሆን ኖሮ...?»

«የጫንኩት በአባትሽ ኮምፓይለር የተሠራውን ነው» አለች መርማሪዋ፤ ጋዝ ሳይለቅ በሩን የሚፈትሸውን መሞከሪያ ቁልፍ ተጫነች። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ልጅቷ ብረቱን በመዳፏ ዳበሰች። አባቷ የቧጠጡበት ቦታ ስትደርስ ያን ጊዜ አለቀሰች።