የዓርቧ ባለተራ

መልእክቱ የመጣው በፎቶ ኮፒ ወረቀት እሽግ ውስጥ ነበር።

ተርጓሚው ዕቃ አቅራቢው አስፈርሞት እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ እሽጉን ቀደደና ሦስተኛውን ወረቀት ሳብ አደረገ። በስስ ጽሑፍ አራት ቃላት ብቻ።

«ዛሬ። ሰማያዊ በር። ኮት።»

ወረቀቱን መጸዳጃ ቤት ወስዶ ቀዳደደው፤ ውሃ ለቀቀበት፤ እጁን ታጥቦ ወጣ። እዚህ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ «ተርጓሚው» ሲባል ኖሯል። ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ ይተረጉማል፣ ከሰው ተግባብቶ ይውላል፣ ልደት ሲሆን ያጨበጭባል። «እርሳስ» ብለው የሚጠሩት የላኩት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ሥራው ቀላል ነው ተብሏል። አቤት ቀላል! የጥበቃ ኃላፊው የምድር ቤቱን ክፍል የሚከፍት ካርድ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ ይዞራል። ክፍሉ ውስጥ ቢሮው የነደፈው የእስር ቤት ንድፍ አለ። እስር ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎቻቸው አሉ። ኃላፊው ደግሞ ቢሮ ውስጥ በሙቀቱ ቢያልበው እንኳ ኮቱን አያወልቅም። ከትከሻው የሚያወርደው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ዓርብ ከሥራ በኋላ፣ ከሠራተኞቹ ጋር አንድ ሁለት ሊል ሲወጣ።

ለዚህ ኮት ከጠረጴዛ ርቆ የሚሰቀልበት ቤት ያስፈልጋል። ባለ ሰማያዊ በሩ ባር እንዲህ ያለ ነው። ኮት ተቀባይዋ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የነሱ ሰው ናት፤ «ቅጠል» ይሏታል። ካርዱን በሦስት ደቂቃ ገልብጣ ወደ ኪሱ ትመልሳለች።

«ማንም አይጎዳም» ብሎታል «አጎት»። አጎት የሚባለው ከውጭ ሆኖ የሚያዘው ሰው ነው። እውነተኛ አጎት ቢሆንማ ምን ነበረበት!

ችግሩ ባሩን የሚመርጠው እርሳስ አለመሆኑ ነው።

ቢሮው የዓርብ ሕግ አለው። በየሳምንቱ አንድ ባለተራ አለ። ባለተራው ቤቱን ይመርጣል፤ መተላለፊያው ላይ ባለው ሰሌዳ ከስሙ አጠገብ ይጽፈዋል፤ ደውሎ ወንበር ያስይዛል፤ በር ላይ ቆሞ እንደ ባለቤት እንግዳ ይቀበላል፣ ኮት ሳይቀር። ዛሬ ተራው የመሐንዲሷ ነው።

መሐንዲሷ እርሳስ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ «ብቻህን አትብላ» ብላ ቤቷ የወሰደችው ሴት ናት። አልጋ ከያዘች እናቷ ጋር ትኖራለች። እሁድ እሁድ እዚያ ይበላል። የሚናገረው ሁሉ ውሸት የሆነበት ሰው፣ እውነት የሚወጣው «ይጣፍጣል» ሲላቸው ብቻ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ሰሌዳው ፊት ቆማ አገኛት። ከኋላዋ ሕዝቡ ተሰብስቧል።

«ደረጃ ያለበት እንዳይሆን አደራ» ይላል የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ። «ጉልበቴ ዘንድሮ ከእኔ ጋር ተጣልቷል።»

«ያለፈው ዓይነት ሙዚቃም አንፈልግም» አለች ሒሳብ ሠራተኛዋ። «ስንጮህ አምሽተን ድምፃችን ተዘግቶ ገባን። ቢራው ደግሞ እንደ ሻይ የሞቀ!»

«ዝም በሉ! ባለተራዋ እኔ ነኝ» አለች መሐንዲሷ። «እኔ ሠፈር ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ቤት እንሄዳለን። እናቴን የምትጠብቅልኝ ጎረቤት አንድ ሰዓት ላይ ትሄዳለች። ከዚያ በሩጫ እደርሳለሁ።»

ጠመኔውን አነሳች።

እርሳስ ጠጋ ብሎ በዝግታ «እዚያ እኮ ወንበሩ ስድስት ነው» አላት። «እኛ አሥራ አንድ ነን።»

«እንጠጋጋለና!»

«ኃላፊው ቆሞ ሲጠጣ ይታይሽ። ባለፈው ጥግ ቢያስቀምጡት ስንት ቀን አኮረፈ?»

ሳቀች። «እሱስ ልክ ነህ። ታዲያ የት ልውሰዳችሁ?»

ያሰበ መሰለ። «ሰማያዊው በርስ? ደረጃ የለው፣ ሙዚቃው ዝግ ያለ።»

«ከቤቴ ይርቃል።»

«እኔ አደርስሻለሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ።»

አመነችው። ሰሌዳው ላይ በራሷ እጅ፣ በዚያ እንደ ሕንፃ ቀጥ ባለ ጽሑፏ ጻፈችው። ደውላ ወንበር ስታስይዝም «ኮት ተቀባይ ይኑር በያቸው፣ ጠረጴዛቸው ጠባብ ነው» አላት፤ የራሷ ሐሳብ አስመስላ ደገመችው። እርሳስ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና አንድ መስመር እንኳ መተርጎም አቃተው።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩ ጋ ደረሱ። መግቢያው ጠባብ ነው። በስተቀኝ ወፍራም መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ የኮት መስቀያ። ቅጠል ጥቁር ሽርጥ ለብሳ፣ ማንንም ሳታይ ቆማለች።

መሐንዲሷ አንድ በአንድ ተቀበለቻቸው። ኃላፊው ሲደርስ ኮቱን እቅፍ አደረገ።

«የእኔ ይቅር። ብርድ ብርድ ይለኛል።»



«ኧረ በፍጹም! ባለተራ ሊንቁ ነው?» አለች መሐንዲሷ። «ያምጡት ጋሼ፣ ውስጥ ይሞቃል!»

ሁሉም ሳቁ። ኃላፊውም እየሳቀ አወለቀ። ኮቱን ራሷ ተሸክማ ለቅጠል ሰጠቻት።

ሦስት ደቂቃ አለፈ። አምስት። አሥር። ሽማግሌው ስለ ጉልበቱ እያወራ ነው። እርሳስ ተነሣ፣ መጸዳጃ ቤት እንደሚሄድ ሰው መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። ኮቱ ተሰቅሏል። ኪሱን ዳበሰው።

ባዶ።

የኋላው በር ገርበብ ብሏል። ቅጠል የለችም።

ጓሮ ወጥቶ ደወለ። «ቅጠል ወጥታለች። ካርዱም የለም።»

«አውቃለሁ» አለ አጎት። «ሰዎቻችን ምድር ቤቱ ገብተዋል።»

«ቅጂ ነው ያልከኝ!»

«ካርዱ አይገለበጥም። ካወቅነው ወር ሆነን።»

«ታዲያ ማን ሊጠረጠር ነው?»

«ቤቱን የመረጠችው። ወንበር ያስያዘችው። ኮቱን በእጇ ያቀበለችው።»



«ሆን ብላችሁ ነው የእሷን ተራ የጠበቃችሁት።»

«የተራውን ዝርዝር የላክህልን አንተ። ከአልጋ ቁራኛ እናት በቀር ዘመድ የላትም ብለህ የጻፍክልንም አንተ። እሷን ሲመረምሩ አንድ ቀን ይፈጅባቸዋል። አንድ ቀን ይበቃናል፤ ነገ ዘጠኙም ይወጣሉ። ከተናገርክ ግን የእኛ ሥራ መሆኑን አውቀው ዛሬውኑ ወደ ሌላ እስር ቤት ያዛውሯቸዋል። ምርጫው ያንተ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ምርጫ ይለዋል ደግሞ!

ሲመለስ መሐንዲሷ ቦታውን ይዛ ጠበቀችው። «የት ጠፋህ? እየጠበቅንህ እኮ ነው» አለች። እጇን ይዞ በጓሮ በር ማውጣት ይችል ነበር። መንገዱ ክፍት ነው፣ ጎዳናው ገና በሰው የተሞላ ነው። አሰበው። ቁጭ አለ። ለዚህ ራሱን ይቅር ሊል አልቻለም፤ ግን ቁጭ አለ።

ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አራት ዘቦች ገቡ። አንደኛው በኃላፊው ጆሮ አንሾካሾከ። ኃላፊው ዘሎ ተነሣ፣ ኮቱን አስመጣ፣ ኪሱን ገለበጠው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይህን ቤት ማን መረጠ?»

ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለች መሐንዲሷ። ፈገግታዋ ገና አልጠፋም። «ምነው ጋሼ?»

«የባሩ ሰዎች ኮት ተቀባይ ይኑር ተብሎ ተደወለልን ይላሉ። የደወለችው ማናት?»

«እኔ። ተራዬ ነዋ! ልማዳችንን ያውቁት የለም እንዴ?» ዘቡ ክንዷን ሲይዛት ወደ እርሳስ ዞረች። «እሱ ነው የመከረኝ። ንገራቸው እንጂ!»

ኃላፊው አፈጠጠበት። «እውነት ነው?»

ዘጠኝ ሰው።

አንዲት ሴት።

«እኔ የትም ቢሆን ግድ የለኝም ነው ያልኳት» አለ እርሳስ።

«እሱ ምስኪን!» አለ ሽማግሌው፣ በቅንነት ሊረዳው ብሎ። «እሱማ ለራሱ ጫማ እንኳ መምረጥ የማይችል ሰው ነው።»

ማንም አልሳቀም። መሐንዲሷ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አየችው ብቻ። ያየችው ረጅም ጊዜ ነው፤ ሁሉም ነገር የገባት ይመስላል።

«እናቴ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ሰዓት ላይ ብቻዋን ትሆናለች።»

እሺ ለማለት ራሱን ነቀነቀላት። የራሷን ኮት ሳታነሳ ይዘዋት ወጡ።

የቀሩትን ስማቸውን መዝግበው፣ ከከተማ እንዳትወጡ ብለው ለቀቋቸው። እርሳስ ሁለት መንገድ ተሻግሮ አንድ ግራጫ መኪና ውስጥ ገባ። አጎት በሌላ ስም የወጣ መታወቂያና የአውቶቡስ ትኬት ሰጠው።

«እናቷ ብቻቸውን ናቸው» አለ እርሳስ። «ካልጋ አይነሡም። ውሃ እንኳ የሚያቀብላቸው የለም።»

«ሰው እንልካለን።»

ይህን ድምፅ ሁለት ዓመት ሰምቶታል። ማንም እንደማይላክ አወቀ።

«እኔ ልሂድላቸው። አሥር ደቂቃ።»

«ቤቱን ሊፈትሹ እየሄዱ ነው። እዚያ ከተያዝክ ዘጠኙም ቀሩ። ውረድና ተሳፈር፤ ስልኩንም ጣለው።»

መናኸሪያው ውስጥ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ይጋፋል። እርሳስ ስልኩን ሊጥል አወጣው። ጣቱ በልብ የሚያውቀውን ቁጥር ነካካ። የመሐንዲሷ እናት ስልኩን ከትራሳቸው አጠገብ ነው የሚያስቀምጡት፤ ወዲያው ተነሣ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ውይ አንተ ነህ? ድምፅህን ለየሁት! ልጄ ዘገየችብኝ እኮ። ጎረቤቴም ሄደች። ካንተ ጋር ናት?»

«እማማ፣ ግድግዳውን ይደብድቡ። ጎረቤትዎ ይመለሱ፣ እዚያው ይደሩ።»

«ለምን አስቸግራታለሁ? ካንተ ጋር መሆኗን ብቻ ንገረኝ። ካንተ ጋር ከሆነች ሐሳብ የለኝም።»

አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፋ።

«ከእኔ ጋር ናት» አላቸው።

«ተመስገን። ቀስ ብላችሁ ኑ።» ከዚያ ድምፃቸው በደስታ ከፍ አለ። «ኧረ ደጁ ተንኳኳ! ደርሳችሁ ነው እንዴ የምታሾፉብኝ? ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ፣ ክፍት ነው!»

የብዙ ሰው ኮቴ ሰማ። መስመሩ ተቋረጠ።

ስልኩን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተውና ተሳፈረ። ረዳቱ የተሳፋሪ ዝርዝር ይዞ በወንበሮቹ መካከል መጣ።

«ስም?»

እርሳስ መታወቂያውን ከኪሱ አወጣ፤ የተጻፈውን አየና አነበበለት።