ሦስተኛውን ወንዙ ሰማው

ቀልድ አይገባትም የምትባለው ልጅ ደመወዝ የምትበላው ቀልድ በማስረዳት ነበር። ዓለም እንዲህ ናት፤ አንዳንዴ ራሷ ትቀልዳለች።

የምትሠራው ለቋንቋ ተማሪዎች መጻሕፍት በሚያዘጋጅ አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት የቀልድ መድበል እየተዘጋጀ ነበር። ቀልዱን አንድ ሰው ይጽፋል፤ እሷ ደግሞ ቋንቋውን ገና የሚማር ሰው ቀልዱ ለምን እንደሚያስቅ እንዲገባው ከሥሩ ጥቂት መስመር ማብራሪያ ትጨምራለች። የቀልዱ ባለቤት ማብራሪያውን አንብቦ «እውነት ነው» ብሎ ካልፈረመበት ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ደንብ ያወጡት ጠብ ለመከላከል ነበር። ጠቡን ግን ደንቡ ራሱ አመጣው።

ቢሮው «ዳኛዋ» ይላታል። ስሙ የወጣላት በአንድ ስብሰባ ላይ ነው። አንዱ ባልደረባዋ ሻዩን ሴቶቹ ያፍሉልን ሲል፣ ወንዶቹን እሳት ለይቶ ይፈጃቸዋል እንዴ ብላ ጠየቀች። በቃ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ በገባችበት ክፍል ሁሉ ወንዶቹ እየተጠቃቀሱ «ዝም፣ ዳኛዋ መጣች» ይባባላሉ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የምትለዋን ተረት ሆን ብለው ጮክ አድርገው የሚተርቱባትም ነበሩ። ትስቅላቸዋለች። ቤቷ ስትገባ ግን ያ ሳቅ ጉንጯን ያማታል።

ቀልድ ጸሐፊው ሁሉም «ጨዋታ» የሚለው ረጅም ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሁለት ቀልዶች ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ከፊቷ ቁጭ አለና ስታነብ ፊቷን ያይ ጀመር። ሰባተኛው ላይ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወረቀቱን አፏ ላይ ጫነችው። እሱ አልሳቀም። ዓይኑን ሳይነቅል አያት። ያ አስተያየት ከሃያ ሁለቱ ቀልዶች የበለጠ ነገር ነገራት።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲወጡ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረው መሄድ ጀመሩ። የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እነሱ ግን በአንድ ሰዓትም አይደርሱም። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ስላሳደገችው ልብስ ሰፊ እህቱ አጫወታት። «እታለም» ነው የሚላት። የጻፈውን ቀልድ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው በእሷ ላይ ነው። ልጅቷ ወደደችው። ይህንን ለራሷ ካመነች ሁለት ሳምንት ሆኗታል፤ ለእሱ ግን ገና አልነገረችውም።

አርባ አንደኛው ቀልድ የመጣው ያኔ ነው።

«አንዲት የሴቶች መብት ተሟጋች ወንዝ ውስጥ ትወድቃለች። አንድ መንገደኛ ‹አይዞሽ እህቴ፣ ገመድ ልወርውርልሽ› ይላታል። እሷም ከውኃው ውስጥ ጣቷን ቀስራ ‹አንደኛ፣ እህትህ አይደለሁም። ሁለተኛ፣ ራሴን ማውጣት እንደማልችል ማን ነገረህ?› አለችው። ሦስተኛውን ወንዙ ሰማው።»

ከዓመታት በፊት ጋዜጣ ላይ አውጥቶት ከአፍ ወደ አፍ የዞረ ቀልድ ነው። ይቺ ቀልድ አገር ምድሩን ያዳረሰች ናት አላት፣ ኮራ ብሎ።

እውነቱን ለመናገር፣ እሷም ልትስቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ጥሩ ሆና ተሠርታለች። ለማብራራት ብዕር ስታነሳ ግን እጇ ከበዳት። ተሟጋቿ በቃል ስትከራከር ነፍሷን ረሳች፣ ስለዚህ ያስቃል ብላ ጽፋ፣ ሲመሽ አብራው መሄድ ትችላለች። ወይም ያየችውን ጽፋ እሱን ማጣት። ሦስት ወረቀት ቀደደች። አራተኛው ላይ እንዲህ ጻፈች፦

«ይህ ቀልድ እንዲያስቅ አንባቢው አስቀድሞ መብቷን የምትጠይቅ ሴት ከሕይወቷ ይልቅ ቃል ይበልጥባታል ብሎ ማመን አለበት። እሷ ስትናገር ሰውየው ገመዱን ለምን እንዳልወረወረ ማንም አይጠይቅም። የምንስቀው ስለሰመጠች አይደለም፤ ዝም ስላለች ነው።»

ጨዋታ ቆሞ አነበበው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እንዲህ ከተብራራ ማን ይስቃል?»

«እኔ የተቀጠርኩት እንዲገባ ነው እንጂ እንዲያስቅ አይደለም።»

«ቀልድ እኮ ነው፣ ዳኛዬ።»

«አውቃለሁ። ለምን እንደሚያስቅ ነው የጻፍኩት። ውሸት ካለበት አሳየኝ።»

አላሳያትም። አልፈረመምም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ሆድና ጀርባ ሆኑ። የቀሩትን ቀልዶች በሰው እጅ ይልክ ጀመር። የአሥር ደቂቃው መንገድ ብቻዋን ስትሄደው በሰባት ደቂቃ ያልቃል። ሥራ አስኪያጁም ጠርተዋት ነገሩን ትንሽ ለስለስ ብታደርጊው ምናለ ልጄ አሏት። አምስተኛው ቀን ላይ ናፍቆቱ ስለበረታባት ያስቀረችውን ቅጂ አውጥታ የመጨረሻውን መስመር ልትሰርዝ ብዕሯን አስጠጋች። ናፈቀኝ ብሎ መዋሸት ግን ነገ ሌላ ውሸት ይጠይቃል። መልሳ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

በስድስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ራሱ መጣ። ወንበር ስታሳየው አልተቀመጠም።

«ለእታለም አነበብኩላት» አለ።

ቀልዱን ሲያነብላት እህቱ እንደ ልማዷ ሳቀችለት። ማብራሪያውን ሲያነብላት ግን የስፌት መኪናዋን አቆመች። ከሦስት ዓመት በፊት በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሦስት ጥያቄ ይዛ ተነስታ ነበር። አንደኛውን ተናገረች፤ ሁለተኛውንም ተናገረች። «ሦስተኛ» ስትል አንድ ሰው ከኋላ «ሦስተኛውን ወንዙ ይስማው!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሷም አብራ ሳቀችና ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ተነስታ አታውቅም። ቀልዱ የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ወንድሟ እንዳያዝን ብላ ይህን ሁሉ ጊዜ ደበቀችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ይህን ሁሉ የነገራት እንደቆመ ነው።

«ሦስተኛው ጥያቄዋ ምን ነበር?» አለችው።

«ወንበር» አለ። «መደገፊያ ያለው ወንበር። ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰፉት።»

ከዚያ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ፈርሞበታል። ከነማብራሪያው ይታተም፣ ስሜም ይኑርበት አለ። ይቅርታም ጠየቃት።

ደስ አላት፤ ደስታዋ ዓይኗን አረጠበው። ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣባት። ይሄም እንደ ሌሎቹ እሷ ፊት ቃል እየመረጠ የሚያወራ ሰው ሊሆንባት ነው። ከሰባተኛው ቀልድ ጀምሮ የወደደችው ግን ለመናገር የማይፈራውን ሰው ነበር።

«ቀልዱ እኮ አላለቀም» አለችው። «እኔ ልጨርሰው?»

ቀና ብሎ አያት።

«ሰውየው ሁለተኛውን ሲሰማ ተቀየማት። ገመዱን ጣለና ‹እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም፤ እናት ነበረችኝ፣ እህት አለችኝ፣ ሴት አከብራለሁ› እያለ ስለ ራሱ ያስረዳ ጀመር። እሷ ዋኝታ ወጣች። ቀሚሷን ጨመቀች። አጠገቡ ቁጭ ብላ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሲጨርስ ‹ሦስተኛ› አለችው፣ ‹ርቦኛል›።»

ጨዋታ ጠረጴዛውን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ከሌላ ሰው አፍ የወጣ ቀልድ ለካ ያሸንፈው ኖሯል። ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገችለት።

«በል፣ አንተ ደግሞ አብራራው።»

ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ወረቀቱን ሲያቀብላት ዓይኗን አላያትም።

«ይህ ቀልድ እንዲያስቅ አንባቢው ሰውየው ያን ሁሉ ያወራው ፈርቶ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ልጅቷን ገና ‹አንደኛ› ስትል ነው የወደዳት። የፈራው እንዳትሰጥም አይደለም፤ ወጥታ ጥላው እንዳትሄድ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጆሮዋ ጋለ።

«ጎደሎ ነው» አለችው።

«ምኑ?»

«ልጅቷ ምን እንደሚሰማት የለበትም።»

እስክሪብቶውን ሊያነሳ ሲል እጁን ያዘችው።

«ተወው። እሱን ራሷ ትናገራለች።»

ተናገረችም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ እሱም አንድ ቃል ሳያቋርጣት ሰማት።