የከብት ትሬለሩ ፍሬን

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... ፀጋዬ ግን እስከ ዛሬ ሽቦ አፉ አጠገብ አያደርስም።

በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። የካናዳዋ ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር። የስቅለት ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ለአሥራ አንድ ቤት ቅርጫ የሚሆነውን በሬ በማግስቱ ከገበሬ ሊያመጣ፣ ያገለገለ የከብት ትሬለር ገዝቷል። ከፒካፑ ፈትቶ ከቤቱ በታች፣ ከዳገቱ ግርጌ አቁሞታል። የቀረው የድንገተኛ ፍሬኑ ባትሪ ብቻ ነበር። ትሬለሩ መንገድ ላይ ቢላቀቅ ከፒካፑ ጋር የታሰረ ገመድ የፍሬኑን ፒን ይመዘዋል፤ ያን ጊዜ ባትሪው ጎማዎቹን ያንቃል።

ያ ካልሠራ፣ ዳገት ላይ ተንሸራቶ የሚያርፈው ሚስቱ እሌኒ ላይ ነው። ሁለቱን ልጆች ይዛ በሌላ መኪና ከኋላ ልትከተል ነው።

ጓደኛው ኑሩ አዲስ ባትሪና ቻርጀር ይዞ መጣ። የባትሪውን ሳጥን ከፈቱት።

የቆየ ሞራ ሸተተ...

"ምን ከትተህበት ነው?" አለ ኑሩ አፍንጫውን ይዞ።

"ገና አሁን መክፈቴ ነው።"

አዲሱን ባትሪ ለማሰር የሽቦው ጫፍ መላጥ ነበረበት። ፀጋዬ እንደ ልማዱ በጥርሱ ነከሰው።

ላስቲኩ ለስላሳ ነበር... ለብ ያለ።

አፉ ውስጥ ሟሟ። ጨው ጨው የሚል ስብ ምላሱ ላይ ተለጠፈ።

ተፋ። ደግሞ ተፋ።

"ጾሟን ገደፍካት በቃ" ብሎ ሳቀበት ኑሩ።

"ዝም በል... ሥጋ ነው።"

"ሽቦ ነው፣ አንተ።"

ጥርሱ መሃል ቀይ ፀጉር ተሰክቷል። ሲስበው ከድዱ ውስጥ እየረዘመ ወጣ...

ኑሩ ሳቁን አቆመ።

እንደምንም አሰሩት። ቻርጅ አደረጉት። ሲሞላ ኑሩ ፒኑን መዘዘ፤ ጎማዎቹ ጥርቅም አሉ።

"ሠርቷል" አለ። ፒኑን መልሶ ጎማውን ገፋ።

አልላላም።

ሽቦውን ነቀለ። አልላላም።

ፀጋዬ ባትሪውን አውጥቶ በረዶው ላይ አስቀመጠው። ጎማው ያው ነው... እንደተነከሰ።

እሌኒ የኩሽናውን መስኮት ከፈተች። ልጆቹ በብብቷ ሥር አንገታቸውን አወጡ።

"በሬው ነገ ነው አላላችሁም?"

"ነገ ነው" አለ ፀጋዬ።

"ታዲያ ይሄ የማነው?"

ሁለቱም ዞሩ። ትሬለሩን ጠዋት ራሱ ፀጋዬ ነው የጠረገው። ባዶ ነው።

በብረቶቹ መሃል ግራጫ ምላስ ወጣ። ወፍራም፣ ልጋጉ የሚንጠባጠብ... ብረቱን ቀስ ብሎ ላሰው።

"መስኮቱን ዝጊው" አለ ፀጋዬ በሹክሹክታ። "ልጆቹን ይዘሽ ወደ ውስጥ..."

ፍሬኑ ያን ጊዜ ለቀቀ።

ትሬለሩም ማንም ሳይጎትተው፣ ዳገቱን ወደ መስኮቱ መውጣት ጀመረ።