ቢጫው ክር

አቶ ተገኘ ሮባን የሰደቡት ባለፈው ዓመት፣ ከመስቀል ቀጥሎ በዋለው እሑድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰው ሰምቷል። ሮባ ቆጥሯቸዋል። ጥፋቱ የኮምፒውተሩን ማብሪያ በጣቱ መንካት ብቻ ነበር።

«እጅህን አንሳ» አሉት። «ይሄ የጠራጊ ልጅ የሚነካካው ዕቃ አይደለም።»

እናቱ ቦሰና በሩ አጠገብ መወልወያዋን ይዛ ቆማ ነበር። ሰምታለች። ግን ቀና አላለችም፤ ወለሉን መወልወሏን ቀጠለች። ሮባ ከስድቡ ይልቅ ያን ዝምታዋን ነው ያልረሳው።

ዛሬም እሑድ ነው። ክፍሉም ያው ነው፤ ዓይን ኤል ረማነህ በሚባል የዓረብ አገር ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ቤት በላይ ያለች፣ ሐበሾች ልጆቻቸውን አማርኛ ለማስተማር የተከራዩአት ክፍል። ሮባ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሳለ ሰሚያ ከላይ ወረደች። አብረው ነው የሚማሩት።

«ያላ፣ ጋሼ ተገኘ ይጠሩሃል» አለችው። «ኮምፒውተሩ ደግሞ እምቢ ብሏል። ፊታቸውን ብታየው፣ ሼም በሼም ሆነዋል።»

«የጠራጊ ልጅ አይነካውም ተብሎ የለ?»

«አቦ፣ አንተ ደግሞ! ቂምህን እኮ ተኩሰህ፣ አጥፈህ ነው የምታስቀምጠው።»

ሳይስቅ ተነሳ።

አቶ ተገኘ የክፍሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። በሥራ ቀን ባውሽሪዬ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ያወርዳሉ፤ እሑድ ግን ክራቫት ያስራሉ። ሮባ በሰው ፊት «እርስዎ» ይላቸዋል፣ በሆዱ ግን «አንተ» ነው የሚላቸው። አሁን ኮምፒውተሩ ፊት ቆመው ላባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። አግዳሚው ላይ ስምንት እናቶች ተደርድረው ያያሉ። ቦሰና እንደ ሁልጊዜው በሩ ጋ ናት፤ ባልዲዋ እግሯ ሥር፣ ቢጫ መወልወያ ጨርቋ ትከሻዋ ላይ።

«ሦስት ሳምንት ሆነው» አሉ አቶ ተገኘ። «ሲፈልግ ይነሳል፣ ሳይፈልግ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የኢሽቲራኩ፣ የጄኔሬተሩ መብራት ስለደከመ ነው ብዬ ነበር፤ የመንግሥቱም መጣ፣ ያው ነው። የሠልጣኞቹ ዝርዝር እዚህ ውስጥ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ካልላክነው ኸላስ፣ ዕድሉ አለቀ።»

ዝርዝሩን ሁሉም ያውቀዋል። አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ከዚህ ክፍል ሦስት ልጆችን በነፃ የኮምፒውተር ጥገና ሊያስተምር ቃል ገብቷል። ሁለቱ ስሞች ተጽፈዋል። ሮባ ሦስተኛውን ስም እያሰበ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቷል።

አቶ ተገኘ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። «ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። አስነሳውና ብልሽቱ ምን እንደነበረ እዚሁ ለወላጆች አስረዳ፤ ያንተን ስም እጽፋለሁ። ሳታስረዳ ከቀረህ ግን ያ ሙያ አይደለም፣ አጋጣሚ ነው።»

ሮባ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተንበረከከ።

ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አጥፍቶ ደገመው። አሁን ተነሳ። እናቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ አጥፍቶ ሦስተኛ ሞከረ፤ ጥቁር። አንዴ መነሳቱ ምንም ማለት እንዳልሆነ ያውቃል። ጎረቤቶች የጣሉትን አሮጌ ኮምፒውተር አሥር ጊዜ ፈቶ ገጥሞ ነው የተማረው።

ከውጭ ጀመረ። የመብራት ገመዱን በሌላ ቀየረ። የስክሪኑን ገመድ ነቅሎ ሰካ። ኪቦርዱንና ማውሱን ነቀለ። ለውጥ የለም። ከዚያ ጆሮውን የኮምፒውተሩ ሣጥን ላይ አስደገፈ። ውስጡ አንድ ረዘም ያለ ጩኸት አሰማ፤ ዝም አለ፤ ደግሞ ጮኸ።

«ያለቅሳል እንዴ?» አለች ሰሚያ።

«ሜሞሪዬን አጣሁት እያለ ነው።»

መብራቱን ነቅሎ ክዳኑን ከፈተ። መጀመሪያ ያስገረመው ንጽሕናው ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ሆዱ አቧራ ይሞላል፤ ይሄኛው ግን እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል። የሎሚ ሳሙናም ይሸታል። ያን ሽታ ያውቀዋል። ቤታቸው የሚሸተው እሱን ነው።

መያዣውን ፈልቅቆ ሜሞሪውን አወጣው። በሚሰካበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ከታች፣ አንድ ቀጭን ክር ተጋድማለች። ቢጫ ናት።

ሮባ ቀና ሳይል በዓይኑ ጥግ እናቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጨርቅ አየው።

ትዝ አለው። የዛሬ ሦስት ሳምንት እራት ላይ ነበር፤ እናቱ ደስ ብሏት ነው ያወራችው። «ጋሼ ተገኘ ኮምፒውተሩ አቧራ ብቻ ሆኗል፣ ውስጡንም ውጩንም ጥረጊው አሉኝ። ከፍቼ ወለወልኩት፤ የሚነቀለውን ነቅዬ፣ መልሼ ሰካሁ። የመጀመሪያዋ ማዳሜ ጣቷን በነጭ ሶፍት ጠቅልላ ከቁም ሣጥን ኋላ ታስገባ ነበር። ሶፍቱ ከጠቆረ ምሳ የለም። እኔ የማላየውን ቦታ ሳልጠርግ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

እናቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው የማያየውን ቦታ ስትጠርግ ኖራለች። እዚህ ደግሞ በነፃ።

ክሩን በጥፍሩ አውጥቶ መዳፉ ውስጥ ጨበጠው። የሜሞሪውን ጥርስ በላጲስ ፈገፈገና ሁለቱም ጎኖች ቀጭ እስኪሉ ድረስ መልሶ ሰካው። አስነሳው፣ አጠፋው። አሥር ጊዜ። አሥሩንም ጊዜ ተነሳ።

«ጎበዝ» አለች ከእናቶቹ አንዷ።

አቶ ተገኘ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «እሺ። ምን ነበር?»

 ሮባ ቃሉን አፉ ውስጥ አዘጋጅቶ ነበር። «እርስዎ ራስዎ ጥረጊው ብለው ነው» ማለት ይችላል። መልሱንም ያውቀዋል፤ «ጥረጊው አልኩ እንጂ አንጀቱን አውጪው አልኩ?» ይላሉ። ስምንቱም ይስቃሉ። በሚቀጥለው እሑድ ወሬው ሀደት ሰፈር ድረስ ይደርሳል፤ «ቦሰና ኮምፒውተር አጠበች» ተብሎ። እሷም ቀና ሳትል ወለሉን ትወለውላለች።

እናቱን አያት። እጇን ቀሚሷ ላይ እያደረቀች ፈገግ ብላለች። ልጄ ሠራው የሚል ፈገግታ ነው። ምንም አልጠረጠረችም።

«ተናገር እንጂ» አለች ሰሚያ በሹክሹክታ። «ስምህ እኮ ነው።»

ሮባ ክሩን የጨበጠበትን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አቶ ተገኘ ትንሽ ጠበቁና ወደ እናቶቹ ዞሩ። «አያችሁ? አያውቀውም። ነካክቶ ነው የተነሳለት። እንዲያውም እኔን ብትጠይቁኝ፣ መጀመሪያም እሱ ሳያበላሸው አልቀረም። ከዓመት በፊት ሲነካካ ይዤዋለሁ።»

አንዲት እናት ከንፈሯን መጠጠች። የቦሰና ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። 

ሮባ ሄዶ ከእግሯ ሥር ቆሻሻ ውሃ የሞላውን ባልዲ አነሳ። ከባድ ነው። ሌላ ጊዜ ብቻዋን ነው የምታወርደው።

«እያናገርኩህ እኮ ነው» አሉ አቶ ተገኘ ከኋላው።

ስላላመኑት ኮምፒውተሩን አጥፍተው አበሩት። በአንዴ ተነሳ። የመነሳቱን ድምፅ ሮባ ከደረጃው ላይ ሰማው። ውሃው እንዳይፈስ ባልዲውን በሁለት እጁ ይዞ መውረዱን ቀጠለ።