የማይረጋው ወተት

የምግብ ተቆጣጣሪው ሬሳ የተገኘው በወተት ፋብሪካው ማቀዝቀዣ ክፍል፣ በሩ ሥር ተኮራምቶ ነው። በሩን ሲቧጥጥ ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል።

«በሩ በራሱ ተዘግቶበት ይሆናላ» አለ የጥራት ኃላፊው፣ የባለፋብሪካዋ ታናሽ ወንድም።

መርማሪዋ በውጭ በኩል ያለውን መቀርቀሪያ ነካችው። «ይሄ ብረት በራሱ ይሄዳል እንዴ?»

«እንግዲያው መጨረሻ የገባውን ሹፌሩን ጠይቂው።»

ሟቹ የመጣው የከተማው ሕፃናት እያስመለሳቸው ሆስፒታሉን ስለሞሉት ነበር። የባለፋብሪካዋም ልጅ እዚያው ተኝታለች። ሰውየው እንደ ደንቡ ከአንድ በርሜል ሁለት ጠርሙስ ቀድቶ አሽጓል፤ አንዱን ለላቦራቶሪ በቦርሳው ይዞ፣ ሌላውን ለባለፋብሪካዋ ሰጥቷት ካዝናዋ ውስጥ ቆልፋበታለች። የቦርሳው ተመርምሮ ንጹህ ተባለ። ባለፋብሪካዋ የካዝናውን አውጥታ ሰጠቻት፤ እሽጉን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መክፈት አይቻልም። ማየት ግን ማን ይከለክላታል? መርማሪዋ ከቦርሳው የተረፈውንና የካዝናውን ጎን ለጎን መስኮቷ ላይ ፀሐይ አስመታቻቸው።

ሹፌሩን ጠራችው።

«አይጥ በበላ ዳዋ አይመታ፣ እመቤቴ! በርሜል አውርጄ ወጣሁ፤ በቃ።»

«የፋብሪካውን ወተት ትጠጣለህ?»

«ሌላ ከየት አመጣለሁ? ልጆቼም ያደጉት በሱ ነው። ጨጓራው አልችል ያለው የጥራት አለቃችን ብቻ ነው፤ የላሙን ወተት በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል። ወተት ፋብሪካ፣ ወተት ተሸክሞ! ስቀን ስቀን ተውነው።»

በሳምንቱ ሹፌሩን፣ ባለፋብሪካዋንና ወንድሟን በፋብሪካው ቢሮ ሰበሰበቻቸውና ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሁለቱም ከአንድ በርሜል ተቀድተዋል ተብሏል። የቦርሳው ረግቶ ውሃ አቀረረ። የካዝናው ዛሬ የታለበ ይመስላል። ፎርማሊን አለበታ! ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚያደርጉት መድኃኒት! ወተቱ ተበላሸ ተብሎ እንዳይመለስባችሁ ለሕፃናት አጠጣችሁት!»

«ላቦራቶሪው ንጹህ ብሏል» አለ ወንድምየው።

«ስለተለወጠ ነዋ! ገዳዩ ሰውየውን ቆልፎበት ጠርሙሱን ደፋ፤ ንጹህ ወተት ሞልቶ በሟቹ በራሱ ማሸጊያ አሸገው። የካዝናው ቁልፍ ግን የለውም። እዚህ ግቢ ፎርማሊን ያልገባበት ወተት የለም። ታዲያ ንጹሁ ከየት መጣ?»

ሹፌሩ አፉን ያዘ። «ፔርሙዙ!»

«አንተ የምትጠጣው የፋብሪካውን ነው። እርስዎም ለልጅዎ ያጠጡት ይህንኑ ነው፤ ቢያውቁ አያደርጉትም። የሚያውቀው ሰው አንድ ነው፤ እሱም አይቀምሰውም።»

ባለፋብሪካዋ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ! ልጄ ስትጠጣ እያየህ?»

«ለምኜሽ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ከኔ ላም ላምጣላት ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ! የኛው ይበቃታል አልሽ!»

መርማሪዋ ካቴናውን አወጣች። ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ አላሳልፍ አላቸው።

«ለኔ ልጆችስ ማንን ለመንክላቸው፣ አለቃ?»