ፍሙ ሰርዶን የገባበት ቀን

በሰርዶን ከተማ ግንብ ራስ ላይ ሦስት መቶ ዓመት የነደደው ሰማያዊ እሳት በጠራራ ፀሐይ ጠፋ። እሳቱን ይፈሩ የነበሩት የጠላቷ የንጉሥ ጎርሜዝ የጉም አውሬዎች በሳምንቱ ከተማዋን ከበቡ።

ወጣቷ ሌዊራ ከጣፎር ተራራ አዲስ ፍም በማሰሮ ይዛ፣ ስድስት ሺህ ባለ ጠመንጃ ከሚመራው ከአበጋዝ ድልሞር ጋር ለከተማዋ ልትደርስ አርባ ቀን ተጓዘች። ፍሙ የሚለኩሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከግንቡ ራስ ምድጃ ሌላ ነገር ከለኮሰ ተራ እሳት ሆኖ ይቀራል። እግሯ ቆስሏል፤ እንቅልፍ ረስቷታል።

ግንቡ እንደታየ አበጋዙ እጁን አነሣ። «እሳት አጥፉ!»

የአገሩ ሕግ ነው። ግንቡ ሲታይ ሠራዊት እሳቱን ሁሉ፣ የጠመንጃውን መለኮሻ ገመድ ሳይቀር ያጠፋል፤ ከከተማዋ እሳት እንደገና ሊለኩስ። በሰላም ዘመን የወጣን ሕግ ጠላት አፍንጫ ሥር ቆሞ መፈጸም ጅልነት እንጂ ታማኝነት አይደለም።

«ጌታዬ፣ ግንቡ ላይ እኮ እሳት የለም» አለች ሌዊራ።

«አባቶቻችን ያላወቁትን አንቺ ልታውቂ ነው፣ ልጄ?»

ማሰሮውን በየተራ ሲሸከምላት የመጣው ወታደር ቃልሲን «አባቶቻችንማ ሞተው ዐረፉ፤ ምን ቸገራቸው!» ብሎ አጉረመረመ። ገመዱን ግን በምራቁ አጠፋ።

ያን ጊዜ ከተማዋን የከበበው ጉም ጥርስና ጥፍር አብቅሎ፣ ከበባውን ትቶ ከሸለቆው በሠራዊቱ ላይ ተነሣ። ባልጩት ገጭቶ ገመዱን ለመለኮስ ፋታ አልነበረም።

«ሌዊራ! የእኔን ገመድ ብቻ ለኩሺው! ሌላው ከእኔ ይቀባበላል!» አለ ቃልሲን።

እጇ ክዳኑ ላይ ቀረ። ስድስት ሺህ ሰው እዚህ፤ አንድ ከተማ እዚያ።

«አልችልም፣ ወንድሜ።»

ቃልሲን በድካም ሣቀ። «አውቄዋለሁ። እንግዲያ ምን ታፈጫለሽ? ሩጪ!» ጠመንጃውን ገልብጦ እንደ ዱላ ያዘ።

አበጋዙ የመንገዱን አፍ ዘጋ። «ጥፋቱ የእኔ ነው! በእናቴ አጥንት፣ እኔ ሳልወድቅ አንዱም አያልፍም!»

ሌዊራ እያነከሰች ሮጠች። ከኋላዋ አንድም ተኩስ አልተሰማም፤ የእንጨትና የአጥንት ድምፅ ብቻ። ጉሙ በለቀቀው በር ገብታ፣ ግንቡን ወጥታ ማሰሮውን ከነፍሙ ምድጃው ላይ ሰበረችው። ሰማያዊው ብርሃን ሜዳው ላይ ፈሰሰ፤ አውሬዎቹ እንደ ጤዛ ረገፉ። ሜዳው ላይ ቆሞ የቀረ ሰው አልነበረም።

የከተማዋ ገዥ ተንበረከከላት። «ሕጋችንን እስከ ሞት የጠበቁ ጀግኖች ተብሎ በድንጋይ ይቀረጽላቸዋል!»

«የገደላቸው ሕጉ ነው፣ ጌታዬ። እሱንም ቅረጹት።»

ሕዝቡ እልል አለ። እሷ ወደ ሜዳው ልትሄድ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

«ወዴት ነው? ዕረፊ እንጂ!» አላት ገዥው።

«አካፋ ስጡኝ» አለች።