ምስማር የሌለበት አመድ

ተስፋለም ቢሮው ሶፋ ላይ እንደተጋደመ ሞቶ ሲገኝ፣ ካዛንቺስ ፍርዱን ቀድሞ ሰጥቶ ነበር። ከሰል ገደለው፤ በቃ። ሰፈሩን ከከሰል ጭስ አወጣለሁ እያለ ሲለፈልፍ የኖረ ሰው በከሰል ሞተ ብሎ የሳቀም አልጠፋ። የሰው አፍ ምን ይከለክለዋል።

ኢንስፔክተር የሻረግ አልሳቀችም። ጡረታ የደረሰች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምላሷን ግን ምንም የማያማት ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን አየች። ከሶፋው አጠገብ ተስፋለም ይመራው የነበረው ድርጅት ለጎብኚ የሚያሳየው፣ እሳት ነክቶት የማያውቅ አዲስ ጎድጓዳ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተቀምጧል። እስከ አፉ አመድ ሞልቶታል። በእንጨት ቆስቆስ ስታደርገው ከሥሩ ፍም ብልጭ አለ። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ውጭ ሳጅን ገብረመስቀል ዘበኛውን ጋሽ ፈየራን በካቴና አስሮ ጠበቃት።

«ጨርሼዋለሁ» አላት። «ቁልፍ አለው፣ ደጃፉ ላይ ማንደጃ አለው፣ ከሟቹ ጋር ሲጣላ ሰው ሰምቷል።»

«አንተ ቁርስህን ነው የምትጨርስ» አለችውና ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ተጣልታችኋል?»

«አዎ ተጣልተናል! ማንደጃህን ጣል አለኝ። መብራት ከትናንት ቀትር ጀምሮ ጠፍቶ፣ በዚህ ዝናብ ምን ልሙቅ? ገዳይ ግን አይደለሁም። እኔን ወስዳችሁ የታመመች ሚስቴን ማን ያነሳታል? አንቺ ታነሺያታለሽ?»

«ማታ ማን ነበረ?»

«የግቢው ሁለተኛ ቁልፍ ያላት ሰገን በጊዜ ወጣች። ሙሐሲን መጥቶ ጮኸበት፤ እሱንም አስወጥቼ የግቢውን በር የቆለፍኩት ራሴ ነኝ። ከዚያ ለሚስቴ እራት ላደርስ ሄድኩ። ስመለስ መስኮቱ ተዘግቷል። እሱ ቢሮ ሲያድር መስኮት ሳይከፍት አይተኛም ነበር። የተጣላሁት ሰው ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ወዲያው ተቆጡ። «ምን ታዪኛለሽ?»

የሻረግ የማንደጃቸውን አመድ በጫማዋ ጫፍ በተነችው። የዛጉ ምስማሮች ወጡ። ጋሽ ፈየራ የሚያነዱት ከፈረሱት ቤቶች የለቀሙትን የበርና የኮርኒስ እንጨት ነው። ከሰል መግዣ ማን ሰጥቷቸው።

ምድጃዎቹን የሚሠራው ሙሐሲን ገና ሳትጠይቀው ጮኸ።

«እኔ ብገድለው በራሴ ምድጃ እገድለዋለሁ እንዴ? ነጋዴ ነኝ እኮ! ከእንግዲህ ማን ይገዛኛል?»

«ማታ ለምን ጮኽክበት?»

«ገንዘብ የሚሰጡት ፈረንጆች ዛሬ ይመጣሉ። ሕዝቡ ወደ ከሰል ተመልሷል፤ ጭስ ቀርቷል ብለን የላክንላችሁ ሪፖርት ሁሉ ውሸት ነው ሊላቸው ነበር። ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ የኔም ወርክሾፕ ይዘጋል። ታዲያ ልሳመው?»

ያንን ሁሉ ሪፖርት የምትጽፈው የተስፋለም ምክትል ሰገን ናት። ቤቷ ከቢሮው አጥር ጀርባ ነው፤ ለሁለቱም መብራት የሚያመጣው አንድ የእንጨት ምሰሶ ነው። እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«መብራት ጠፋ፤ በረደው። ጉንፋን ይዞት መድኃኒት ውጦ ነበር። ከሰል አቀጣጥሎ ተኛ፣ ሞተ። ምኑ ነው የሚመረመረው?»

«አንቺ የት አመሸሽ?»

«ቤቴ ነዋ። ትኩስ ሽሮ ሠርቼ፣ በልቼ ተኛሁ።»

«በምን ሠራሽው?»

ሰገን ተናደደች። «በኤሌክትሪክ ምድጃ! የኔን ቤት ከሰል ከረገጠው ዓመታት አለፉ። የሰፈሩ ምሳሌ እኔ ነኝ፤ ፎቶዬን በር ላይ አላዩትም?»

«አየሁት። አምሮብሻል» አለች የሻረግ። ሳጅኑን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው፤ እያጉረመረመ ወጣ።

ከዚያ ሦስቱንም ስብሰባ ክፍሉ አስገባቻቸው። አንዱ ሌላውን በዓይኑ ይበላል።

«መጀመሪያ መስኮቱ» አለች። «ከሰል ሰው እንደሚገድል ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ መስኮት ዘግቶ ከፍም አጠገብ አይተኛም። ሌላ ሰው ዘግቶበታል። ቀጥሎ አመዱ። ትናንት ብቻ እሳት ያየ ምድጃ ያን ሁሉ አመድ ከየት ያመጣል? ፍሙ ከነአመዱ ከሌላ ቤት መጥቷል። ያመጣው ሰው ደግሞ ፍሙ እስኪነጋ እንዲቆይ አዳፍኖታል። በየቀኑ ከሰል የሚያነድ ሰው እጅ ነው።»

«ያውልሽ ዘበኛው!» አለ ሙሐሲን።

«የሳቸው አመድ ምስማር በምስማር ነው። የሟቹ ክፍል አመድ እንደ ዱቄት የላመ፣ ንጹሕ የከሰል አመድ ነው። አንተንም አስወጥተው በሩን የቆለፉብህ እሳቸው ናቸው፤ ቁልፍ የለህም። በካቴና ታስረው፣ ሙሐሲን ግቢ ውስጥ ቀርቶ ነበር ቢሉ ይቀላቸው ነበር፤ አላሉም። አንተ ግን ስታያቸው ወዲያው ሸጥካቸው።»

ሙሐሲን አንገቱን ደፋ።

«ሰገን፣ መብራት ጠፋ ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ቤትሽና ቢሮው መብራት የሚያገኙት ከአንድ ምሰሶ ነው። ታዲያ ሽሮሽ በምን ፈላ?»

ሳጅኑ ማንደጃ ይዞ ገባ።

«ከጓዳዋ፣ በቆርቆሮ ተከድኖ ነው ያገኘሁት። ዛሬ ጠዋትም ነድዶበታል፤ ገና ሙቅ ነው። የትናንቱ አመድ ግን ተዝቆ ወጥቷል።»

«እና ምን ላድርግ?» ሰገን ብድግ አለች። «መብራት በሌለበት የመብራት ምድጃ የሰጡን እነሱ! ጭስ ቀርቷል ብለሽ ጻፊ ያሉኝ እነሱ! እሱ ዛሬ እውነቱን ተናግሮ ሊጸድቅ፣ ውሸታም ተብዬ እስር ቤት የምገባው እኔ ብቻ?»

«ውሸቱን አዘውሽ ይሆናል። ፍሙን ማን አዘዘሽ?»

ካቴናው ከጋሽ ፈየራ እጅ ወጥቶ ሰገን እጅ ገባ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ ሳጅኑ።

«ይቅርታህን ለራስህ ያዘው» አሉ ሽማግሌው።

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ፤ ፈረንጆቹ ደርሰዋል። በዚያው ቅጽበት መብራት መጣ፤ በሩ ላይ «ጭስ አልባ ሰፈር» የሚለው ማስታወቂያ ቦግ አለ። ጋሽ ፈየራ ወደ ማንደጃቸው ሄዱ። እርጥብ የበር እንጨት ከነምስማሩ ጣሉበትና ግቢው በጭስ እስኪታፈን ቆመው ጠበቁ። ከዚያ የግቢውን በር ለፈረንጆቹ ወለል አድርገው ከፈቱላቸው።

የሻረግ ጭሱ ያስለቀሰውን ዓይኗን ጠራረገች፤ አልከለከለቻቸውም። ተስፋለም ሊናገር የነበረውን ሌላ ሰው በጭስ እየተናገረለት ነበር።